እንቅልፌን ያጣራው ኮሚቴ

መርፌ አልወድም። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ አውቄው ነው የምጠላው። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን የእህቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣና ወንበር ላይ ተደግፌ ሳንቀላፋ አገኘኝ። ቆሞ ሲያየኝ ቆይቷል መሰለኝ፣ ስነቃ ፊቱ ተለዋውጧል። «ጋሼ፣ በእንቅልፍ ልብዎ ትንፋሽዎ ቆመ እኮ! አሁን ለዚህ በመርፌ የሚያክሙ ሰዎች አሉ፤ ልውሰድዎ?» አለኝ። ከቤቴ ላስወጣው ምንም አልቀረኝም። ልጁ ምን ያድርግ። እሱ ሳይወለድ አጎቱ ለዚሁ ጉዳይ አሥር ጊዜ መወጋቱን፣ በአሥራ አንደኛው ደግሞ ኮሚቴ ከራስጌው ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ መያዙን የነገረው የለም።

ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። እሷ ከሄደች ወዲህ አልጋ ላይ አልተኛም፤ የማድረው በዚህ አሮጌ ወንበር ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። የዘንድሮ ሰው መድኃኒቱን ያቀርባል እንጂ ሕመሙን አይጠይቅም። እንግዲህ ካልጠየቀኝ እጽፈዋለሁ፤ ያነበዋል ብዬ ግን ተስፋ አላደርግም።

በደርግ ጊዜ ነፋስ ስልክ አካባቢ በነበረ አንድ የሚስማር ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ሥራዬ ከማሽኑ የሚወርደውን ሚስማር በእፍኝ እያነሱ ጫፉንና አናቱን ማየት ነው። ጫፉ ከደነዘ ወይም አናቱ ከተንጋደደ ማሽኑን አስቆማለሁ። ሥራዬን እወድ ነበር። ችግሬ እንቅልፍ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ አድሬ፣ ጠዋት ስነሳ ድንጋይ ስሸከም ያደርኩ ያህል ይደክመኛል። አውቶብስ ውስጥ ከተቀመጥኩ መውረጃዬን አልፌ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው የምነቃው። ማሽን አጠገብ ቆሜ፣ እፍኜ ሙሉ ሚስማር እንደያዝኩ፣ እንደ በቅሎ ቆሜ እተኛለሁ።

ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛ ብዬ የያዝኩት ባለቤቴን ነበር። መኖሪያችን መካኒሳ ነው፤ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት። ከእኛ ወዲያ ሜዳ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የተደረደረበት ጀሞ ያኔ ጤፍ ይዘራበታል። ልጅ አልነበረንም። እሷ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሻጭ ነበረች፤ ስኳርና ሳሙና በኩፖን ታድላለች። ቀን ቀን ሰው ሁሉ የሚወዳት ሴት፣ ማታ አጠገቤ ስትተኛ ግን ጠላቴ ናት። እንቅልፍ ጥሎኝ ጭልጥ ስል ክርኗን ጎኔ ላይ ትሰካለች። ነቅቼ፣ ተራግሜ፣ ዞሬ እተኛለሁ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ትሰካለች። በአንድ ሌሊት ስምንት ጊዜ፣ አንዳንዴም አሥር ጊዜ።

«ምን በደልኩሽ?» እላታለሁ።

«ዞር ብለህ ተኛ» ትለኛለች። ሌላ መልስ የላትም።

በተጋባን ዓመት ስለ ትንፋሼ የሆነ ነገር ልትነግረኝ ጀምራ ነበር። «ጠዋት በባዶ ሆዴ አታሟርቺብኝ!» ብዬ አፏን አስያዝኳት። እኛ ቤት ክፉ ነገር በአፍ አይጠራም፤ እናቴ ሰው ታመመ ሲባል እንኳ «ደህና ነው» እያለች ነው ያሳደገችን። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ስለዚህ ነገር ቃል አልተናገረችም። ክርኗን ግን አልተወችም። ማንኮራፋቴ አስጠልቷት የምትበቀለኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ መሃላችን አጋደምኩ። በላዩ አሻግራ ነካችኝ።

የፋብሪካው ውይይት ክበብ የሚሰበሰበው ዓርብ ከሥራ በኋላ ነው። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከአንድ መጽሔት ላይ ያነባል፣ እኛ እናዳምጣለን፣ ከዚያ አስተያየት እንሰጣለን። ይህ ሰው ትናንት አጠገቤ ሚስማር በካርቶን ሲያሽግ የነበረ ነው። ሥልጠና ደርሶት ሲመለስ ድምፁ ወፍሮ፣ አረማመዱ ተለውጦ፣ እኔን «አንተ» ማለቱን ትቶ «ጓድ» ይለኝ ጀመር። አንድ ዓርብ እሱ ስለ ንቃት ሲያነብ እኔ አንኮራፋሁ። የነቃሁት ጸጥታው ከብዶኝ ነው። አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል፣ ሊቀመንበሩ መጽሔቱን አጥፎ ይጠብቀኛል።

«ጓድ፣ የሠፊው ሕዝብ ጉዳይ ያስተኛሃል?»

ይህን የሚያነብ ወጣት ይስቅ ይሆናል። እኛ አልሳቅንም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ በያጅ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ጉዳዩ «ለሚመለከተው ክፍል» ተላልፎ ነበር። ሚስቱ በየቀኑ ስንቅ ታመላልስለት ነበር። አንድ ቀን በር ላይ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» ብለው ሰሃኗን መለሱላት። ሰሃኑን አቅፋ በፋብሪካው በር በኩል ስታልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። እናም «ለሚመለከተው ክፍል» የሚሉት ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ግለ ሂስ እንዳደርግ ታዘዝኩ። ቆሜ ምን ልበል? አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ጓዶች፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ባለቤቴ ሌሊት አታስተኛኝም።»

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሊቀመንበሩም ሳቀ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስቄያለሁ። ለአንድ ደቂቃ የዳንኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሊቀመንበሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ሕመም ካለብህ የሐኪም ማስረጃ አምጣ። ሁለት ወር ሰጥተንሃል። ካላመጣህ ጉዳዩ ለሚመለከተው ክፍል ይተላለፋል» አለ። ነገሩ እኔ ቤት ሳልደርስ ኅብረት ሱቅ ደርሷል። ስኳር የተሰለፉት ሴቶች «እህስ፣ ሌሊቱ እንዴት ነው?» እያሉ ሲጠቃቀሱባት ዋሉ። ማታ ራቴን አቀረበችልኝ፤ ሰው በማስታመም የቆየ ሰው ፊት ነበራት። አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የፋብሪካው ክሊኒክ ጤና ረዳት ወረቀት ስጠኝ ስለው ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። «ማንኮራፋት በሽታ ቢሆን ኖሮ አባቴን ስንት ጊዜ በቀበርኩት!» አለ። ሆስፒታልም ሄድኩ። ደረቴን አዳምጠው፣ ጉሮሮዬን አይተው፣ ጤነኛ ነህ ብለው መለሱኝ። ጤነኝነቴን እንዲህ ጠልቼው አላውቅም። አንድ ወር አለቀ። እኔ ቤት ውስጥ እንደ ጅብ አላዝናለሁ፤ ሻዩ በረደ፣ በሩ ተንቋቋ፣ መብራቱ ተረሳ። ሊቀመንበሩን አልችለውም፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና ነገሩ፣ የቻልኩት እሷን ነበር።

መላውን ያመጣችው ግን እሷው ናት። ኅብረት ሱቅ ውስጥ የማይሰማ ወሬ የለም። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ፣ በቀጭን መርፌ የሚያክም ሐኪም በአንድ ጤና ጣቢያ ሥራ መጀመሩን ሰምታለች። እንቅልፍ ላጣም፣ እንቅልፍ ለበዛበትም ይወጋል ይባላል።

«እኔን ማንም በመርፌ አይጠቅመኝም» አልኳት።

«መርፌውን ማን አለህ? ወረቀቱን ነው። ሊቀመንበራችሁ የሆስፒታሉን ሐኪም ውሸታም ነህ ይለው ይሆናል። የወዳጅ አገር ሐኪም የጻፈውን ግን ምን ብሎ ይክደዋል? ሐኪሙን ከካደ ወዳጅነቱን ካደ ማለት ነው።»

ይህን ያለችው ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ሥልጠና የሄደው ሊቀመንበሩ ነው፤ ፖለቲካው የገባት ግን እሷ ነበረች።

ሐኪሙ ቀጭን፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። የሰሜን ኮሪያ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን «ቻይናው» ይለዋል። አጠገቡ አስተርጓሚ አለ፣ እዚያ አገር ተምሮ የመጣ ልጅ። ሐኪሙ ምላሴን አስወጥቶ አየ፣ አንገቴን በጣቱ ለካ፣ ከዚያ ብዙ ተናገረ። ረጅም ንግግር ነበር፤ እጁን ወደ ጉሮሮዬ፣ ወደ ሆዴ፣ ወደ ጣራው እየዘረጋ። ሲጨርስ ወደ አስተርጓሚው ዞርኩ።

«በጀርባህ ተኛ ይላል» አለኝ።

«ይሄን ሁሉ አውርቶ?»

«ዋናው እሱ ነው።»

መርፌውን ሳይሰካብኝ በፊት እንዲያሳየኝ ጠየቅኩ። ብርሃን ላይ አዙሬ አየሁት። በሕይወቴ በሚሊዮን የሚቆጠር ጫፍ አይቻለሁ፤ እንከን ካለ አያመልጠኝም። እንከን አልነበረውም። ቀጥ ያለ፣ ጫፉ እንደ ፀጉር የሰላ። ያን ጊዜ ይበልጥ ጠላሁት፤ የምጥልበት ሰበብ አሳጣኝ። አገጬ ሥር ሰካ፣ ከጉሮሮዬ ግራና ቀኝ ሰካ፣ አናቴ ላይ፣ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል፣ ከጉልበቴ በታች ሰካ። ያማል? ያን ያህል አያምም። ግን እንደ ተመታ ሳጥን ተቸንክሮ ጣራ እያዩ ግማሽ ሰዓት መጋደም ምን ያህል እንደሚያዋርድ የተጋደመ ያውቀዋል።

አሥር ጊዜ ተመላለስኩ። ጠቀመኝ ወይ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምንም አልጠቀመኝም። ሌላውን ረድቶ ይሆናል፤ እኔ ስለራሴ ነው የምናገረው። እንደ በፊቱ ቆሜ እተኛለሁ። ለሰው ግን «ቻይናው አዲስ ሰው አደረገኝ» እያልኩ አወራሁ፤ ተጠቅሜያለሁ ካላልኩ ታምሜ ነበር ማለት አልችልምና። ውሸቱ ሲደጋገም ለራሴም እውነት መሰለኝ። አንድ ምሽት ባለቤቴን «ድኛለሁ፤ ከእንግዲህ ክርንሽን ሰብስቢ» አልኳት። «እሺ» አለች። ሌሊቱን ዘጠኝ ጊዜ ነካችኝ።

ወረቀቱ ሁለት ነበር። አንዱ በራሳቸው ፊደል የተጻፈና ቀይ ማህተም ያረፈበት፣ ሌላው የአስተርጓሚው ትርጉም፤ «በእንቅልፍ ጊዜ የአየር መተላለፊያ መዘጋት፣ በመርፌ ሕክምና የሚሻሻል» ይላል። ዓርብ አዳራሽ ውስጥ በሁለት እጄ አቀረብኩ። ሊቀመንበሩ ማህተሙን አገላብጦ አየ።

«ሐኪሙ ቻይና ነው ሲባል ሰምተናል» አለ።

በዚያ ጊዜ ቻይና ከጠላት ወገን ነው የምትቆጠረው፤ በዚህ ስም የጠፋ ሰው ብዙ ነው።

«ኧረ ኮሪያዊ ነው። ማህተሙ ላይ አለ።»

«ታዲያ አንተ ለምን ቻይናው፣ ቻይናው ትላለህ?»

«ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው።»

«የምትከተለው ሰፈሩ የሚለውን ነው ወይስ ማኅበሩ የሚለውን?»

ከዚህ በኋላ የተናገርኩትን አላስታውስም። የተወሰነውን ግን አስታውሳለሁ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን መካድ አልደፈረም፤ ባለቤቴ ያለችው ልክ ነበር። ይልቅ ሌላ ወጥመድ አገኘ። ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም፣ ሐኪሙ መርፌውን ይሰካ፣ ጓድ በኮሚቴው ፊት ይተኛ። ትንፋሹ ከቆመ ሕመሙ እውነት ነው። ካልቆመ ግን ወይ ድኗል ወይ ዋሽቷል፤ ያም ሆነ ይህ በውይይት ላይ የሚተኛበት ምክንያት የለውም፣ ጉዳዩም ይተላለፋል። እጅ ወጣ፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኔም እጄን አውጥቻለሁ። ለመኖር በኮሚቴ ፊት መታፈን ነበረብኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በፋብሪካው ክሊኒክ ተሰበሰቡ። ሊቀመንበሩ፣ ከሴቶች ጉዳይ የተወከለች የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓታችንን የሚመዘግበው ሰዓት ተቆጣጣሪ ከነሰዓቱ። ባለቤቴ አብራኝ መጥታ ነበር። «የጥቅም ግንኙነት አላት» ተብላ ኮሪደሩ ላይ እንድትቀመጥ ተደረገ። ሐኪሙ መጣ፣ በጀርባዬ አስተኛኝ፣ አገጬንና ጉሮሮዬን ሰካካው፣ ግማሽ ሰዓት እንዳልነቃነቅ በአስተርጓሚው አስጠንቅቆ ወጣ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። እንቅልፍ እምቢ አለ! አውቶብስ ላይ፣ ማሽን ላይ፣ ስብሰባ ላይ የማይለቀኝ እንቅልፍ፣ ነፍሴ በእሱ ላይ ስትንጠለጠል ጥሎኝ ጠፋ። የሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓዱ እስኪተኛ ጊዜው በከንቱ እንዳያልፍ» ብሎ ቦርሳውን ከፈተና የዓርቡን መጽሔት አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ሁለተኛውን ገጽ አልሰማሁትም።

የነቃሁት ጎኔን ሲያመኝ ነው። በጎኔ ተገልብጫለሁ፣ አንገቴ ሥር ያለው መርፌ ታጥፎ ቆዳዬን ይዞኛል፣ ባለቤቴ ሁለት እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ከላዬ ቆማለች። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሌሊት የምትከለክለኝን እንቅልፍ፣ ሕይወቴ የተንጠለጠለበትንም እንቅልፍ፣ መጥታ ነጠቀችኝ። ጮህኩባት።

«አንቺ ሴትዮ! እዚህም መጣሽብኝ? ልታስበዪኝ ነው? አንድ ልጅ እንኳ ሳትሰጪኝ እንቅልፌን ጨረስሽው!»

ምላስ አጥንት የለውም፤ አጥንት ግን ይሰብራል ይላሉ። ትከሻዬን ለቀቀች። ወደ ግድግዳው ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች።

«ጓድ፣ ዝም በል» አለች የማሸጊያ ክፍሏ ሴት። «ሞተህ ነበር እኮ።»

እንዲህ አይነት ነገር ሲባል መቆጣት ልማዴ ነው። ልቆጣ ስል ሊቀመንበሩ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ምን እንደሚያደርግ ስለጠፋው ይመስለኛል፣ የሚያውቀውን አደረገ። ቃለ ጉባኤውን አነበበ።

«በ9 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጓድ እንቅልፍ ወሰደው። ማንኮራፋት ጀመረ። በ9፡15 ማንኮራፋቱ ጸጥ አለ። ደረቱ ይንቀሳቀሳል፣ በአፉም በአፍንጫውም ግን ትንፋሽ አይወጣም። በራሱ ጊዜ ተመለሰ። ይህ አምስት ጊዜ ተደጋገመ። በ9፡31 ለስድስተኛ ጊዜ ጸጥ አለ። ከቀደሙት ረዘመ። ከንፈሩ ጠቆረ። ኮሚቴው ምን መደረግ እንዳለበት ውይይት ጀመረ። ውይይቱ ስምምነት ላይ ሳይደርስ ባለቤቱ በሩን ገፍታ ገባች፤ ወደ ጎን ገለበጠችው። ትንፋሹ ተመለሰ። ጓድ ባለቤቱን ሰደበ።»

አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። እኔ የማየው የባለቤቴን ጀርባ ነበር። የክት ነጠላዋን ለብሳ ነው የመጣችው።

«እህት» አለቻት የማሸጊያ ክፍሏ ሴት፣ «አንቺ ውጭ ነበርሽ። በሩም ተዘግቷል። እንዴት አወቅሽ?»

ባለቤቴ ሳትዞር መለሰች። «ማንኮራፋቱን እሰማለሁ፤ ጸጥ ሲል መቁጠር እጀምራለሁ። እንዲህ ስቆጥር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።»

«በምን ትቆጥሪያለሽ? ሰዓት አለሽ?»

«አቡነ ዘበሰማያትን በቀስታ እላለሁ። አድኅነነ የሚለው ላይ እስክደርስ ካልተመለሰ በክርኔ እነካዋለሁ። ዞር ካለ ይመለስለታል። ዛሬ ጨርሼው ሁለተኛ ጀምሬ ነበር፤ የነካው ሰው አልነበረም።»

ሊቀመንበሩ ብዕሩን እንዳነሳ ቀረ። በማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ላይ ጸሎት አይጻፍም። ጥቂት አሰበና «በቃል በሚደረግ የጊዜ መለኪያ» ብሎ ጻፈ። ከዚያም የሰው ድምፅ በሚመስል ድምፅ፣ ሥልጠና ሳይሄድ በነበረው ድምፁ ጠየቃት፦ «ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«በተጋባን ዓመት ነግሬው ነበር። አታሟርቺብኝ አለኝ።»

ሐኪሙ ተመልሶ መጣ። የታጠፈውን መርፌ አይቶ ተቆጣ፤ ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው «መርፌው ተበላሽቷል ይላል» አለን።

ኮሚቴው ሕመሙ እውነት ነው ብሎ ፈረመ። ዓርብ አዳራሹ አጸደቀው፤ አንድ ማሻሻያ ብቻ ተጨመረበት፣ በውይይት ጊዜ ጓድ ቆሞ እንዲከታተል። መንግሥቱ እስኪወድቅ ድረስ ዓርብ ዓርብ ቆምኩ። ቆሜም ተኝቻለሁ፣ ግን ቆሞ የሚተኛን ሰው ከሚያዳምጥ ሰው የሚለይ ሥልጠና አልተሰጣቸውም። መርፌውንም ወረቀቱንም ሁለተኛ አላየሁም።

ያን ቅዳሜ ከክሊኒኩ ወጥተን ከነፋስ ስልክ እስከ መካኒሳ በእግራችን ተመለስን። ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ሦስቱንም ጊዜ ሌላ ነገር ወጣ፤ መንገዱ አቧራው በዛ፣ ዝናቡ ዘገየ፣ ጫማሽ ጠበቀሽ ወይ። «አልጠበቀኝም» አለች። ያን ቀን ከእሷ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። እንኳን የእሷን ቁጣ የራሴን ሐፍረት መሸከም የማልችል ሰው ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

በማግስቱ እሑድ ከአቦ ተመልሳ ምሳ በላን። ይህን ወንበር አልጋው አጠገብ አኖርኩና «ዛሬ አንቺ ተኚ፤ እኔ እጠብቅሻለሁ» አልኳት።

«ምኔን ነው የምትጠብቀው? የእኔ ትንፋሽ አይቆምም።»

«ቢሆንም ተኚ።»

አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ጋደም አለች። አንድ አፍታ አልቆየችም። ሚስቴ እንዲህ ስትተኛ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን አላየኋትም፤ ከእኔ በኋላ ትተኛለች፣ ከእኔ በፊት ትነቃለች። ፊቷ ላይ ያለው ድካም የእኔ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። እጅጌዋ ተሰብስቦ ክርኗ ወጥቷል። ቆዳው ጠቁሮ ደርቋል፤ የሱቁ ባንኮኒ ይሁን የእኔ ጎን እንጃ። አለቀስኩ። ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚያይ ሰው ስላልነበረ ነው።

ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ዛሬ አልተኛም ብዬ ማልኩ። አንድ ቀን፣ አንድ ከሰዓት፣ ለእሷ ነቅቼ ብቆይ ምን አለበት? የምትተነፍሰውን ቆጠርኩ። ሠላሳ ደረስኩ፣ አርባ ደረስኩ። ስንት ላይ እንደጠፋብኝ አላውቅም።

ጎኔን ሲነካኝ ባነንኩ። እንደ ልማዴ ልቆጣ አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ ዓይኗን አልገለጠችም፤ ተኝታለች። እጇ ብቻ ከአልጋው ወጥቶ፣ ተዘርግቶ፣ በጣቶቿ ጫፍ ጎኔ ላይ ደርሷል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

አፌን ዘጋሁ። እንዳይርቃት ብዬ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋሁላት።